የገበታችን ጨው

ውድ ባለትዳሮች፣ ከሁለት አንዳችሁ የደም ግፊት እንዳለበት ቢነገረው የወጡን ጨው መቀነስ ብቻ አይበቃም። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ጨው በስኒም ይገባል፤ በቡናውም፣ ከቡና ቅጠል በሚፈላው ጨሞም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

እንግዲህ ጨሞውን ያለ ጨው፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አጣፍጡት። ጎደሬውንም ያለ ጨው ቀቅሉ፤ ጎመን አዘውትሩ። ለታማሚው ለብቻው ድስት አትጣዱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ስለሚለምድ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ይልመድ።

«ተጸልዮልኛል፣ ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ግን ግፊቱ ምንም ሳያመው ከፍ ብሎ ስትሮክ ሊጥለው ይችላል። እግዚአብሔር በጸሎትም በሐኪምም ይሠራል፤ መድኃኒቱን መቀነስም ሆነ ማቆም የሐኪሙ ድርሻ ነው።