ወፍራሙ ሳፋ ለምን ቀድሞ ይሰነጠቃል?

በወልድያም ሆነ በመርሳ ገበያ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጀሪካን የሚገዛ ሸማች አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ቀለሙንና ውፍረቱን ነው። ወፍራም ከሆነ ጠንካራ ነው ይባላል፤ ዋጋውም በዚሁ ስሌት ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ወፍራሙ ተሰንጥቆ ስሱ የሚዘልቅበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ዕቃው በተሠራበት ማሽን ውስጥ ነው። ምን ከምን ጋር ተቀላቀለ፣ በምን ያህል ሙቀት ቀለጠ፣ እንዴትስ ቀዘቀዘ የሚለው ከውፍረቱ ባልተናነሰ ጥንካሬውን ይወስናል።

ለዚህ ከሀብሩ ገበሬ ቤት የማይጠፋውን የማዳበሪያ ከረጢት ማየት ይበቃል። የውጪው ሽመና ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን፣ ውስጡ የሚገባው ስስ ላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኤትሊን ነው። ሁለቱም ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚገኙ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። የመጀመሪያው የሚቀልጠው በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ሁለተኛው እንደ ዓይነቱ ከ105 እስከ 135 ባለው ነው።

የውጪው ክር 50 ኪሎ የሚሸከመው በጥሬ ዕቃው ጥራት ብቻ አይደለም። ፋብሪካው ስሱን ፕላስቲክ በቀጭን በቀጭኑ ከሰነጠቀ በኋላ አሙቆ ከመነሻ ርዝመቱ ብዙ እጥፍ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ተጠላልፈው የነበሩት ረጃጅም ሞለኪውሎች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ባዘቶ በጣት ይበጠሳል፤ ተፈትሎ ግን ጋቢ ይሆናል። ከረጢቱ እንደገና ቀልጦ ሳፋ ሲሆን ይህ ሰልፍ ይፈርሳል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ቆራሌው የሰበሰበው ፕላስቲክ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ጠርሙስ ይሰምጣል፤ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ግን አብረው ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ ውሃው እነዚህን ሁለቱን አይለያቸውም። አብረው ሲቀልጡ ደግሞ አይዋሃዱም። አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚሆነው፣ በጥቃቅን ጠብታ ይቀመጣል። የማሽኑ ጠመዝማዛ ብረት በደንብ ካሸው ጠብታው ይደቃል። በቅጡ ካልታሸ፣ ወይም ቅልጡ ሳይረጋ ብዙ ከቆየ፣ ጠብታዎቹ ተገናኝተው ይገዝፋሉ። በጠብታውና በዙሪያው መካከል ያለው መያያዣ ደካማ በመሆኑ ስንጥቁ መንገዱን በዚያ ያደርጋል።

እንግዲህ ሙቀቱን መጨመር ነው የሚል ይኖራል። ፖሊፕሮፒሊን ግን ከልክ በላይ ሲሞቅና ደጋግሞ ሲቀልጥ ሞለኪውሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ፒቪሲ ከተቀላቀለማ የባሰ ነው፤ ሲቃጠል የሚያወጣው አሲድ ማሽኑንም ይበላል።

በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የሚገዛው ጥቁር የፖሊኤትሊን ቱቦም ከዚሁ ጉዳይ አያመልጥም። ጥቁረቱ ለጌጥ አይደለም፤ እጅግ የላመ ጥላሸት ተጨምሮበት ከፀሐይ ይከላከላል። መጠኑ በተለመደው ደረጃ ከመቶ ከ2 እስከ 2 ነጥብ 5 ነው። ሆኖም ጥላሸቱ በእኩል ካልተበተነ ጉብ ጉብ ያለበት ቦታ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ሁለት ቱቦ እኩል ጠቁሮ አንዱ ከነሽንኩርቱ ገበሬውን ሊከዳው ይችላል።

መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የኮርኔልና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሁለቱን ፕላስቲኮች የሚያስታርቅ ሦስተኛ ንጥረ ነገር ሠርተው፣ ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ተሰባሪውን ቅልቅል ጠንካራ እንደሚያደርገው አሳይተዋል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ አገር ከኬሚስትሪው ይልቅ መለየቱ ይረክሳል።

እስከዚያው ሸማቹ ጥቂት ነገር ማየት ይችላል። ጠርዙ ትንሽ ሲታጠፍ ወዲያው ከነጣ፣ ገጹ ላይ ያልቀለጠ ፍሬ ከታየ፣ የማረር ሽታ ካለው ቢጠራጠር ይበጀዋል። አሮጌ ጀሪካን የሚሸጥም ቢሆን ክዳኑ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን፣ ገላው ፖሊኤትሊን መሆኑን ማወቅ አለበት። ገዢው ግን ሁለቱንም በአንድ ሚዛን በአንድ ዋጋ ከወሰደ ክዳኑን ለመፍታት ማን ይደክማል?