ካርትሪጅን በራስ መሙላት፤ የየቲሞች ገንዘብ በማተሚያ ቀለም እንዳያልቅ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ለየቲሞች ብላችሁ ከምትሰጡት ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ልጁ እጅ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ወደ ጽሕፈት ቤት ወጪ እንደሚሄድ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው የአማና ጥያቄ ነውና። የሀገሪቱም ሕግ ይህንኑ ይጠይቃል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 እስከ 30 በመቶ ይፈቅድ ስለነበር፣ ገደቡ በእርግጥ ጠብቋል። በሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ የየቲምን ገንዘብ በግፍ በሚበሉ ላይ የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ለሚያስብ ሰው ግን ከሕጉ ገደብ በታች መሆን ብቻውን የሚያኮራ ነገር አይደለም። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደመወዝ ሁሉም ይጠይቃል፤ ስለ ማተሚያ ቀለም የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ለመሆኑ የየቲሞች ማኅበር ይህን ያህል የሚያትመው ምንድን ነው? አንድ ማኅበር 200 የቲሞችን ይረዳል እንበል። ለእያንዳንዱ ልጅ ወጪውን ለሚሸፍነው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ገጽ ሪፖርት ቢላክ 1,200 ገጽ ይሆናል። በየወሩ እናቶችና አሳዳጊዎች የሚፈርሙበት የክፍያ ዝርዝር በአንድ ገጽ 25 ስም እየያዘ በሦስት ቅጂ ቢታተም በዓመት 288 ገጽ ይጨመራል። ለትምህርት ቤትና ለጤና ተቋም የሚጻፈው ደብዳቤ፣ የሞግዚትነት ማስረጃ ቅጂው፣ የምዝገባ ቅጹ ሲታከልበት 2,000 ገጽ መሙላቱ አይቀርም። የሪፖርቱ ገጽ ደግሞ የልጁን ፎቶግራፍ የያዘ ነው። ካርትሪጅ ላይ «2,000 ገጽ» ተብሎ የሚጻፈው ቀለሙ የገጹን 5 በመቶ ብቻ ይሸፍናል ተብሎ የታሰበ ነው፤ ፎቶግራፉ ሽፋኑን ወደ 15 በመቶ ካደረሰው ያው ካርትሪጅ 700 ገጽ እንኳ ሳያደርስ ያልቃል። ሪፖርቱን ከመላክ መቆጠብ ደግሞ አይቻልም። በጅዳ ወይም በዋሽንግተን ሆኖ ለማያውቀው ልጅ የሚልክ ሰው ልጁ ማደጉን የሚያየው በዚያ ወረቀት ነው።

ነገሩን ያከበደው የምንዛሪው ለውጥ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካርትሪጅ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ከፒያሳ ብዙው ክፍል በመፍረሱ፣ ከአራዳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት መንገዶች ላይ ከነበሩት የጽሕፈት መሣሪያና የኮፒ ቤቶች ጥቂት የማይባሉት ወደ ሌላ ሰፈር ተበትነዋል። አራዳ የኅትመት ሰፈር መሆኑ የትናንት ነገር አልነበረም፤ በራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዛሬም በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በኒ ከሚባለው ኑር መስጂድ ዙሁር ሰግዶ ሲወጣ ካርትሪጁን በፌስታል ይዞ ጎራ ብሎ የሚያስሞላ ሰው፣ የለመደውን ባለሙያ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ሊኖርበት ይችላል። ሥራውን በጽሕፈት ቤት ውስጥ ማወቅ ጠቃሚ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ካርትሪጅ የቀለም ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ መረዳት ያሻል። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1984 የመጀመሪያውን ሌዘርጄት ከካኖን ባገኘው ሞተር ሲያወጣ፣ የማተሚያው ወሳኝ ክፍሎች ከቀለሙ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተካተቱ። ስለዚህ ካርትሪጅ በጣልን ቁጥር ግማሽ ማሽን እንጥላለን ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውስጡ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ድራም አለ። አንድ ሮለር ለድራሙ ነጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጠዋል፤ የሌዘሩ ብርሃን ፊደሉ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ብቻ ያንን ሙል ያጠፋል። ማግኔቲክ ሮለሩ ተሸክሞ የሚያቀርበው ዱቄት ሙሉ ወደጠፋበት ቦታ ይዘላል፤ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ይሳባል፤ በመጨረሻም ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል። ወደ ወረቀቱ ያልሄደውን ትርፍ ዱቄት ብሌድ የሚባለው የጎማ ስለት ከድራሙ ላይ እየጠረገ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያስቀረዋል። ቀለም ሲያልቅ ያለቀው ዱቄቱ ብቻ ነው፤ ድራሙም ሮለሩም ገና አሉ። ዱቄቱ ፕላስቲክና የብረት ኦክሳይድ፣ በብዙዎቹም ጥቁር ካርቦን ሲሆን፣ የአንዷ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያነሰ ነው።

በብዙ ጽሕፈት ቤቶች ያገለገለውን የኤችፒ ሌዘርጄት 1010 እና 1020 ካርትሪጅ፣ 12ኤ የሚባለውን፣ ለምሳሌ እንውሰድ። ቺፕ ስለሌለው ለጀማሪ የተመቸ ነው። የሚያስፈልገው ካቻቪቴ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ የማይበጣጠስ ደረቅ ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት፣ እንዲሁም ለዚሁ ሞዴል የተዘጋጀ 100 ግራም ገደማ ዱቄት ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ የብረት ፒኖች ሲወጡ ካርትሪጁ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወገን ድራሙንና ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን፣ ሁለተኛው የዱቄቱን ጎታና ማግኔቲክ ሮለሩን ይይዛል። ድራሙ ብርሃን ስለሚጎዳው ወጥቶ በጥቁር ጨርቅ ይጠቀለላል፤ በጣትም ሆነ በአልኮል አይነካም። ብሌዱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ተፈትተው የቆሻሻው ማጠራቀሚያ በጋዜጣ ላይ ይራገፋል። ይህን ሥራ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሲፈስ ግን ወረቀቱም ማሽኑም ይበላሻል። ከዚያ የጎታው የጎን ሽፋን ሲወልቅ በፕላስቲክ ውታፍ የተዘጋ የመሙያ ቀዳዳ ይገኛል። በእርሱ በኩል ዱቄቱ ቀስ ተብሎ ይጨመርና ይወተፋል፤ ሁሉም በነበረበት ይመለሳል፤ ካርትሪጁ በአግድም አምስት ስድስት ጊዜ ተነቅንቆ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ገጾች ሊቆሽሹ ስለሚችሉ በአሮጌ ወረቀት ጀርባ ማተም ይበጃል። በጋለ ብረት ጎታውን ቀዶ መሙላትና በፕላስተር መለጠፍ የተለመደ ዘዴ ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የቆሻሻውን ማጠራቀሚያ ሳይነካ ስለሚተው፣ ፍርፋሪውንም ውስጥ ስለሚጥል አንመክረውም።

ከከረጢት ተቆንጥሮ «ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት መጠንቀቅን ይጠይቃል። የአንዱ ሞዴል ዱቄት ከሌላው በሚቀልጥበት ሙቀትና በሚይዘው ሙል ይለያል። ያልተስማማው ዱቄት ወረቀቱን ያገራጣል፤ ወይም በጣት ሲነካ ይለቅቃል። የልጁ የትምህርት ውጤት የተጻፈበት ፊደል በፖስታ ውስጥ ተፍቆ ከደረሰ የተቆጠበው ብር ምን ይጠቅማል?

ሥራው ልጆች በሚቀመጡበት፣ እናቶች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል አይሠራም። ዱቄቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በአየር ላይ ይቆያል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ጥቁር ካርቦንን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ብሎ ከመደባቸው ውስጥ አስገብቶታል። መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳትና ከከሰል ርቆ መሥራት ይገባል። በተራ የአቧራ መሳቢያ ማሽን መጥረግ ክልክል ነው፤ ዱቄቱ በማጣሪያው አልፎ ይበተናል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እጅና ልብስ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሙቅ ውኃ ፕላስቲኩን አለስልሶ ያጣብቀዋል። በነገራችን ላይ፣ ለትልልቆቹ ልጆች ሙያ ይሆናቸው ዘንድ ይህን እናስተምራቸው የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ለጋሾች ይነሣል። በሸሪዓው የቲም ማለት ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ይህን ዱቄት ሊተነፍስ አይገባም። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ላለፈ ግን የፕሪንተር ጥገና ጥሩ መነሻ ይመስለናል።

የተሞላ ካርትሪጅ ለዘለዓለም አይኖርም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ድራሙ ያረጃል። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ድራሙ ተጭሯል ወይም ብሌዱ ተበልቷል። አንድ ነጥብ በየ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ እየተደጋገመ ከታተመ ጉዳቱ ድራሙ ላይ ነው፤ የ12ኤው ድራም አንድ ዙር ያንን ያህል ነውና። ድራምና ብሌድ ለየብቻ ስለሚሸጡ በዚህ ጊዜ ባለሙያ ጋር መውሰድ ይሻላል። ለውጭ ሀገር ለጋሾች የሚላከው ሪፖርት በሚታተምበት ሰሞንም አዲስ የተሞላውን ካርትሪጅ አስቀድሞ መሞከር፣ ካልሆነም አዲስ መግዛት ያስፈልጋል።

አዳዲሶቹ ማተሚያዎች ግን ነገሩን አጥብበውታል። ቺፑ ስንት ገጽ እንደታተመ ይቆጥራል፤ አንዳንዶቹ ቺፑ ካልተቀየረ አይሠሩም፤ ሌሎቹ በኢንተርኔት በሚወርድ ማሻሻያ የፋብሪካው ያልሆነ ቺፕ የገባበትን ካርትሪጅ ይከለክላሉ። ይህ በሕግ ዘንድም ያከራከረ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2017 በሌክስማርክና በኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ኩባንያ ካርትሪጁን አንዴ ከሸጠ በኋላ ገዥው እንዳይሞላው በፓተንት መብት ሊከለክለው እንደማይችል ወስኗል። የሸጡት ዕቃ የገዥው ነው ማለት ነው። ቺፑ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ አያነብም።

ስለዚህ በውጭ ሀገር ያላችሁ ቤተሰቦች ለማኅበራችን ማተሚያ ገዝታችሁ ለመላክ ስታስቡ፣ ከዋጋው በፊት ካርትሪጁ የሚሞላ መሆኑን ጠይቁልን። በስማቸው መጨረሻ «ኢ» የተጨመረባቸውን የኤችፒ ሞዴሎች ባትልኩ እንመርጣለን፤ የፋብሪካውን ካርትሪጅና የማያቋርጥ ኢንተርኔት ይሻሉና። ያገለገሉት 1020 እና ፒ2035 ለእኛ ከአዲሶቹ ይልቅ ይጠቅማሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ነጋዴዎችና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደግሞ የ12ኤና የ05ኤ ባዶ ካርትሪጅ ሲኖራችሁ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ አትጣሉት። ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ፌስታል ጠቅልላችሁ የወር መዋጮ ስታመጡ አብራችሁ አምጡልን፤ ድራሙ ያልተጫረውን ለይተን እንሞላዋለን፣ ኢንሻአላህ።