ቢላዋ የሚያርፍበት በዓል

እኛ ቤት በዓል ደረሰ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እርድ ነው። በግ ይጎተታል፣ ዶሮ ይገዛል፣ የሰፈር ሰው ተሰባስቦ ቅርጫ ይገባል። ሐዋሳ መጥቼ እስክኖር ድረስ ደም ያልፈሰሰበት ትልቅ በዓል ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሲዳማ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን በሚቀበልበት በፍቼ ግን ከብት አይታረድም፣ ሥጋም አይቀመስም። ከብቶቹ እንዲያውም ለምለም ሣር ያለበት መስክ ተለይቶላቸው ጠግበው ይገባሉ። ዓመቱን ሙሉ ወተትና ቅቤ ስትሰጥ የከረመች ላም ውለታዋ ሲከፈላት ይመስለኛል።

በአፈ ታሪኩ የበዓሉ ባለቤት አንዲት ሴት ናት። ፍቼ ትባላለች። ባል ካገባች በኋላ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ስትመጣም ባዶ እጇን አይደለም፣ ቡርሳሜ የሚባለውን ምግብ ይዛ ነው። ያመጣችው ለቤተሰቡ ብቻ አይቀርም፣ ጎረቤትም ተጠርቶ ይቀምሳል። ስንቱ በዓል በንጉሥና በጦርነት ሲዘከር፣ ይሄኛው በአንዲት ልጅ ጉብኝትና በያዘችው አገልግል መነሳቱ ደስ ይለኛል።

ቡርሳሜ የሚጀምረው ከእንሰት ነው። እንሰት ሙዝ ይምሰል እንጂ ፍሬው አይበላም፤ የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ይፍቁታል፣ ቃጫውን ይለዩታል፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል። የሚወጣው እኛ ቆጮ የምንለው፣ ሲዳማዎች ዋሳ የሚሉት ነው። ለፍቼ ግን ዋሳው እንደ አዘቦቱ አይሠራም። ጎረቤቴ ስታዘጋጅ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ውሃው እስኪያልቅ ጨመቀችው፣ በወንፊት ነፋችው፣ ከወንፊቱ ያመለጠችውን ቀጭን ቃጫ በጣቷ እየለቀመች ጣለች። ምጣድ ላይ ስታምሰው ሰዓት አላየችም፤ ሽታው ሲለወጥ አወረደችው። ከዚያ ቅቤው መጣ። እየጨመረች ታሻለች፣ እያሸች ትጨምራለች።

«አልበዛም?» አልኳት።

«ሲጠግብ ራሱ ይመልሰዋል» አለች፣ ቀና ሳትል። እውነትም ቆይቶ በጣቶቿ መካከል ያበራ ጀመር።

የፍቼን ቀን የሚቆርጡት አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። የጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ ተከታትለው ነው የሚያውጁት፤ ስለዚህ በእኛ ካላንደር ላይ በየዓመቱ ቦታ ይለውጣል። የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ብቻ ነው፦ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። ሰባቱ ሳምንት ተደምሮ 28 ቀን ያለው ወር ይሆናል።

በዋዜማው ምሽት ከእርጥብ እንጨት በተሠራ ቅስት ሥር ይታለፋል፤ ሁሉቃ ይሉታል። ቤተሰቡ ያልፋል፣ ከብቱም ይከተላል፤ አሮጌው ዓመት ከወዲያ ይቀራል። ከዚያ ሻፌታ ይቀርባል፣ ሰፊ የሸክላ ገበታ ነው። ቡርሳሜው ከነወተቱ መሐል ይሆናል። የቤቱ ታላቅ ክረምትና በጋውን ላሻገራቸው ለማጋኖ፣ ለፈጣሪ፣ ምስጋና ሳያደርስ እጅ አይሰነዘርም። የተቀያየመ ካለም ከማዕዱ በፊት እንዲታረቅ ይፈለጋል፤ ከአንድ ሻፌታ ተኮራርፎ መብላት ይከብዳላ።

ይህን ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። አሜሪካ ነው የምትኖረው፤ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን፣ ከዶሮ ወጡ ጎን ተርኪ ትጠብሳለች። «የነሱ ታንክስጊቪንግ ነው በለኛ!» አለች። «ነው፣ ተርኪው በሕይወት የሚተርፍበት» አልኳት።

ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ ከአገራችን ከመስቀል ቀጥሎ ሁለተኛው ነበር። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብና ቄጣላ የሚባለውን የሽማግሌዎቹን ጭፈራ ቴሌቪዥን በየዓመቱ ስለሚያሳይ አልደግመውም። እኔ የምወደው ማግስቱን፣ ጨምበላላን ነው። የልጆች ቀን ነው። «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ በገቡበት ቤት ሁሉ ቡርሳሜ ይጎርሳሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ሳላስብ በሬን ሲያንኳኩ ያገኘሁት ዳቦ ብቻ ነበር። ቆርሼ ሰጠኋቸው። ትንሹ ዳቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ዳቦውን። «ቅቤ የለህም?» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከዋዜማው ጀምሮ ጎረቤቴ ማድቤት ደጃፍ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር።