ማይክሮፎኑና ዋይት ሀውስ

(የዘጋቢ ፕሮግራም ትረካ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

(ድምፅ፦ በአሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ ሲፈለግ፤ ቀስ በቀስ ይከስማል)

ተራኪ፦
ማርች 12 ቀን 1933፣ እሑድ ምሽት። ባለፈው ሳምንት በመላው አሜሪካ ባንኮች ተዘግተው ሰንብተዋል። ከሦስት ዓመት በላይ በዘለቀው የኢኮኖሚ ድቀት በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ወድቀዋል፤ የቀሩትንም ሕዝቡ «ገንዘቤን ስጡኝ» እያለ በሰልፍ አጨናንቋቸው ነበር። ሥልጣን ከያዙ ስምንት ቀን የሆናቸው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሁሉም ባንክ በሩን እንዲዘጋ ያዘዙት ለዚህ ነው። ነገ ጠዋት ጤናማ የተባሉት መከፈት ይጀምራሉ። ሕዝቡ ዳግም ገንዘቡን ሊያወጣ ከተሻማ ግን ነገሩ ሁሉ ያበቃለታል።

ሩዝቬልት ማይክሮፎን ፊት ተቀመጡና ለሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ካዝና ውስጥ ቆልፎ እንደማያስቀምጥ፣ ይልቁንም እንደሚያበድረው፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ከጠየቀ ግን የቱም ባንክ መክፈል እንደማይችል አስረዱ። ፉከራ አልነበረበትም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወጋ ይመስል ነበር። በማግስቱ ባንኮቹ ሲከፈቱ ሰልፉም ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ብዙው ሰው የተሰለፈው ቤቱ የደበቀውን ገንዘብ መልሶ ለማስገባት ነው።

(ሙዚቃ፤ አጭር)

ተራኪ፦
የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ታሪክ ሲነገር ጦርነቱና ምርጫው ይቀድማል። እኛ ዛሬ የምንከተለው ድምፃቸውን ነው። ሕገ መንግሥቱ ስለ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የጻፈው በእነዚያ መቶ ዓመታት እምብዛም አልተነካም። ሕዝቡ ከዚያ ወንበር የሚጠብቀው ግን ከልክ በላይ አደገ፤ ለዕድገቱም በየቤቱ የገባው የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ትልቅ ድርሻ አለው።

ክፍለ ዘመኑ ሲጀምር ዋሽንግተን የኮንግረስ ከተማ ነበረች። ፕሬዚዳንቱ ዓመታዊ መልእክቱን እንኳ በጽሑፍ ይልካል እንጂ ምክር ቤት ገብቶ አይናገርም፤ ልማዱ ከ1801 ጀምሮ የመጣ ነው። በ1901 ዊልያም ማኪንሌይ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ በጥይት ተመትተው ሲሞቱ የ42 ዓመቱ ምክትላቸው ቴዎዶር ሩዝቬልት ተተኩ። በዓመቱ የፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ለወራት ሥራ አቆሙ። ቴዎዶር ሩዝቬልት ብርዱ ሳይገባ ብለው የማዕድን ባለቤቶቹንና የሠራተኞቹን መሪዎች አንድ ላይ ጠሩ። ከዚያ በፊት የፌዴራል መንግሥት በእንዲህ ያለ ጠብ ውስጥ የሚታወቀው ወታደር በመላክ ነበር።

ውድሮው ዊልሰን ደግሞ በ1913 ኮንግረስ ድረስ ሄደው በአንደበታቸው ተናገሩ። የእኚህ ሰው ዕጣ ያሳዝናል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሴኔቱ የቬርሳይን ውልና የመንግሥታቱን ማኅበር አልቀበል ሲላቸው አቤቱታቸውን ወደ ሕዝቡ ወሰዱት። ሬዲዮ ገና በየቤቱ አልገባም። ስለዚህ በሴፕቴምበር 1919 ባቡር ተሳፍረው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እያቋረጡ፣ ከከተማ ከተማ እየወረዱ ተናገሩ። ራስ ምታቱ በረታባቸው። ኮሎራዶ ውስጥ ፑዌብሎ ከተማ ንግግር ካደረጉ በኋላ አቅም ከዳቸው፤ ጉዞው ተሰረዘ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ ዋይት ሀውስ ውስጥ ስትሮክ መታቸው። ውሉም በሴኔት ወደቀ። ኢትዮጵያ በ1923 አባል የሆነችበት፣ ጣሊያን በ1935 ስትወራትም አቤት ያለችበት ማኅበር ከመነሻው አሜሪካ የሌለችበት ሆነ።

ዊልሰንን አልጋ ላይ ያዋለውን ሥራ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ14 ዓመት በኋላ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሠሩት። በ1921 በያዛቸው በሽታ እግሮቻቸው ሽባ ሆነው ነበር። ሬዲዮ እግር አያሳይም። ፎቶግራፍ አንሺዎቹም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳያነሷቸው ይጠየቁ ነበር፤ ብዙዎቹ አክብረውታል።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ያጣው፣ እርሻው በዕዳ የተያዘበት፣ ጡረታ የሌለው ሁሉ በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ይጽፍ ጀመር። የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በ1935፣ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል በ1938 መጣ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ሊሸከም ስለማይችል በ1939 የፕሬዚዳንቱ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ የምናውቀው የአማካሪዎችና የረዳቶች ሠራዊት መነሻው እሱ ነው።

ያ ድምፅ ግን ሁሉን አይችልም ነበር። በ1937 ሩዝቬልት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላይ አዳዲስ ዳኞች ለመጨመር ሲነሡ ጉዳዩን በሬዲዮ ለሕዝብ ቢያስረዱም የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች ሳይቀሩ እምቢ አሏቸው። ሩዝቬልት የሠሩትም ሁሉ ደግ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1942 በአንድ ፊርማ 120 ሺህ ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ እንዲታጎሩ በር ከፈቱ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። የሩዝቬልትን ስም በአድናቆት የሚያነሣ ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንሣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አራት ጊዜ ተመርጠው በአፕሪል 1945 ሞቱ። አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ የሚያግደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1951 ጸደቀ።

(ሙዚቃ፤ ወደ ቴሌቪዥን ዘመን መሸጋገሪያ)

ተራኪ፦
የቀዝቃዛው ጦርነት ሌላ ሸክም ጨመረ። በ1947 የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤትና ሲአይኤ ተቋቋሙ። በ1950 ሃሪ ትሩማን ኮንግረስ ጦርነት ሳያውጅ ወታደሮቻቸውን ኮሪያ አዘመቱ። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ ነው፤ ኮንግረስ ግን ከ1942 በኋላ በዚያ ክፍለ ዘመን ዳግም አላወጀም።

በ1960 ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን ቺካጎ በሚገኝ ስቱዲዮ በካሜራ ፊት ተከራከሩ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ብቻውን አልበቃም፤ ፊትም ለምርጫ ቀረበ።

ቴሌቪዥን የፕሬዚዳንቱ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። በማርች 1965 አላባማ ውስጥ ሴልማ ከተማ ፖሊሶች የመምረጥ መብት የጠየቁ ጥቁሮችን ድልድይ ላይ ሲደበድቡ ሀገሩ ሁሉ ከሳሎኑ ሆኖ አየ። በስምንተኛው ቀን ቴክሳስ ያበቀላቸው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኮንግረስ ፊት ቆመው የመምረጥ መብትን የሚያስከብር ሕግ ጠየቁ፤ በኦገስት ፈረሙት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ ጀምሮ ለዴሞክራቶች ሲመርጥ የኖረው የደቡብ ነጭ ግን ቀስ በቀስ ወደ ሪፐብሊካኖቹ ሄደ። ቀድሞ በሁለቱም ፓርቲ ውስጥ ወግ አጥባቂም ለዘብተኛም ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየተለየ መጣ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ሥር የስደተኞች ሕግ ፈረሙ። ሰውን በተወለደበት ሀገር እየመዘነ ለአውሮፓውያን ያደላ የነበረውን ኮታ የሚሽር ነው። ጆንሰን አብዮታዊ ሕግ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሕጉ ግን፣ ከ1980ው የስደተኞች ሕግና ዲቪ ሎተሪን ካመጣው የ1990ው ሕግ ጋር ተደምሮ፣ ዛሬ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የሚኖረውን ሐበሻ ጭምር ያስገባ በር ሆኗል።

ጆንሰንን የጣላቸው ቬትናም ነው። በ1968 እዚያ የነበረው የአሜሪካ ወታደር ከ500 ሺህ በላይ ደረሰ። በማርች 31 በቴሌቪዥን ቀርበው ዳግም እንደማይወዳደሩ ተናገሩ።

(ድምፅ፦ የቴፕ መቅጃ ሲሽከረከር)

ተራኪ፦
አሁን ሌላ ዓይነት ማይክሮፎን እንሰማለን። ጆንሰንን የተኩት ኒክሰን በ1971 በቢሯቸው ውስጥ የተደበቁ ማይክሮፎኖች አስተከሉ። በምስጢር መቅዳት የጀመሩት እሳቸው አይደሉም፤ ከእሳቸው በፊትም የቀዱ ነበሩ። የኒክሰን መሣሪያ ግን ሰው ሲናገር በራሱ ይነሣል፤ ባለቤቱንም አይምርም። ከ3 ሺህ ሰዓት በላይ ቀዳ።

በጁን 1972 ሌቦች ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ የዴሞክራቶች ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተያዙ። ኒክሰን ለሕዝብ «አላውቅም» ይሉ ነበር። ቴፑ መኖሩ በጁላይ 1973 በሴኔት ኮሚቴ ፊት ተገለጠ፤ አሳልፌ አልሰጥም ብለው አንድ ዓመት ተሟገቱ። በጁላይ 1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስምንት ለዜሮ ፈረደባቸው። ከስምንቱ ሦስቱን የሾሙት ራሳቸው ነበሩ። ቴፑ ሲወጣ፣ ከዘረፋው ስድስት ቀን በኋላ በሲአይኤ በኩል የኤፍቢአይን ምርመራ ለማስቆም ሲስማሙ ተሰማ። በኦገስት 9 ሥልጣን ለቀቁ። ሕዝቡ የሚያውቀው ድምፅና ቢሮው ውስጥ የሚያወራው ድምፅ የተለያዩ መሆናቸውን ሀገሩ በጆሮው ሰማ። በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ላይ የነበረው እምነት በዚያው መጠን ዳግም አልተመለሰም።

ሮናልድ ሬገን ድምፅ ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር። ከሆሊውድ በፊት አዮዋ ውስጥ በሬዲዮ የስፖርት ውድድር ያስተላልፉ ነበር፤ በወጣትነታቸው ለሩዝቬልት አራቱንም ጊዜ መርጠዋል። በዚያው ጥበብ ተቃራኒውን ሰበኩ፤ ችግሩ መንግሥት ራሱ ነው አሉ። በጁላይ 1981 በቴሌቪዥን ስለ ግብር ቅነሳ ተናግረው ሕዝቡ ለእንደራሴዎቹ እንዲደውል ለመኑ። የምክር ቤቱ ስልክ ተጨናነቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ዴሞክራቶች በሚበዙበት ምክር ቤት ሕጉ አለፈ።

ሁሉም የሚሰማው አንድ ድምፅ ግን እየሳሳ ነበር። በ1987 ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳዮችን ከተለያየ ወገን እንዲያቀርቡ ያስገድድ የነበረው ደንብ ተነሣ። የፖለቲካ ውይይት ሬዲዮና ሃያ አራት ሰዓት ዜና የሚያሠራጩ ቴሌቪዥኖች ተበራከቱ፤ አድማጩም በየወገኑ ተከፋፈለ።

በጃንዋሪ 1999 ቢል ክሊንተን በዓመታዊው ንግግራቸው ኮንግረስ ፊት ሲቆሙ ሴኔቱ በዚያው ሰሞን እሳቸውን ከሥልጣን ለማውረድ በቀረበ ክስ እየዳኘ ነበር። የክሊንተንና የኒክሰን ጉዳይ አንድ አይደለም። ልዩነቱ በፓርቲዎቹም ጭምር ነበር። በ1974 ለኒክሰን ደጋፊ እንደቀረላቸው ሊነግሯቸው ዋይት ሀውስ የሄዱት የራሳቸው ፓርቲ መሪዎች ናቸው። በፌብሩዋሪ 1999 ክሊንተንን ለማውረድ 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ በአንዱ ክስ 45፣ በሌላው 50 ተገኘ። ከዴሞክራት ሴናተሮች «ጥፋተኛ ነው» ያለ አንድም አልነበረም።