ከአንድ ፍላጭ የበቀለ ሁሉ አንድ አይደለም

  

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ባህር ዛፍ በሚፈለጥበት ግቢ ቅርፊትና ፍላጭ ይከማቻል። አንዳንዱ ቤተሰብ ጭቃው እንዳያስቸግር ደጃፉ ላይ ይበትነዋል፤ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ አምጥቶ የአትክልቱን ሥር የሚያለብስም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ደጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ፍላጩ ሳይደርቅ ይከርማል። ያን ጊዜ እንጉዳይ፣ ልጆች የጅብ ጥላ የሚሉት፣ ብቅ ብቅ ይላል። ይህን ለቅሞ መብላት ይቻላልን? ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ይህ ነው።

ከላይ የምናየው ጃንጥላ የእንጉዳዩ ፍሬ ነው። አካሉ በእንጨቱ ውስጥ እንደ ጥጥ ክር የተሰራጨ ነጭ ድር ነው፤ ፍላጩን ገለጥ ብናደርግ እናየዋለን። ብዙዎቹ የእንጨት እንጉዳዮች እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን የተባለ ነገር ይሰብራሉ። የወደቀ ዛፍ በአላህ ፈቃድ ተመልሶ አፈር የሚሆነው በእነርሱ ሥራ ነው። ስለዚህ በፍላጩ ላይ ስናያቸው ልንደነግጥ አይገባም።

ችግሩ፣ አንድ የፍላጭ ክምር የአንድ ዓይነት እንጉዳይ ማዕድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዘራቸው ከዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በነፋስ ስለሚመጣ፣ ክንድ በማታህል ቦታ ላይ ሦስት አራት ዓይነት ሊበቅል ይችላል። በአውሮፓ ከአንድ ጉቶ ላይ አብረው የሚበቅሉ ሁለት ትናንሽ ቡናማ እንጉዳዮች አሉ። አንደኛውን ሰዎች ለሾርባ ይለቅሙታል። ሁለተኛው ጋሌሪና ይባላል፤ ጉበትን የሚያጠፋ አማቶክሲን የተባለ መርዝ አለበት። ልምድ ያለው ለቃሚም ሁለቱን ያምታታል። ከተቀበረ እንጨት አጠገብ ከሚበቅሉት ደግሞ ሲያረጅ ወደ ጥቁር ቀለም የሚቀልጥ አለ፤ ይህን የበላ ሰው አልኮል ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ያስመልሰዋል። (ኸምር ለማይቀምስ ሰው ይህ ጨዋታ ነው፤ ሆኖም መርዝ ስንት መልክ እንዳለው ያሳያል።)

መርዛማውን ለመለየት በየአገሩ የሚነገሩ ዘዴዎች አሉ። ከብር ማንኪያ ጋር ተቀቅሎ ካላጠቆረ ደህና ነው ይባላል። ቀንድ አውጣ ወይም ፍየል ከበላው ለሰውም ይሆናል ይባላል። አንዱም አይሠራም። አማቶክሲን ብር አያጠቁርም፤ ቀንድ አውጣ በልቶት በሰላም ይሄዳል። ማፍላትም፣ መጥበስም፣ ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም።

ከሁሉ የሚከፋው መዘግየቱ ነው። ከዙህር በኋላ ምሳው ላይ የበላ ሰው ዐስርን ሲሰግድ ምንም አይሰማውም። ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት በኋላ ነው፤ ከዚያም ሊዘገይና ለሱብሒ ሲነሳ ሊይዘው ይችላል። ምሳውን የሚያስታውሰው የለም። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ይላል፤ ቤተሰብም «አልሐምዱ ሊላህ፣ ተሻለው» ይላል። ጉበቱ ግን በዚያው ሰዓት እየተጎዳ ነው። በሦስተኛው ቀን ገደማ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሐኪም ሊያደርግለት የሚችለው እጅግ ያነሰ ይሆናል።

አንዳንድ ወንድሞች ቡኻሪና ሙስሊም ከሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) የዘገቡትን፣ ከምአ ከመን ወገን መሆኑንና ውሃው ለዓይን ፈውስ መሆኑን የሚገልጸውን ሐዲስ ያነሳሉ። ሐዲሱ ሶሒሕ ነው። ከምአ ግን በዐረብ በረሃ ከዝናብ በኋላ ከአሸዋ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ድንች የሚመስል ነገር ነው፤ የደጃፋችን የፍላጭ እንጉዳይ እርሱ አይደለም። እንጉዳይ በመሠረቱ ሐላል ነው፤ መርዛማው ግን ነፍስን ስለሚጎዳ አይፈቀድም። የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ለልጆቻችን ማቅረብ በእኛ እይታ ድፍረት ነው። ለማብሰል የፈለገ፣ ከታወቀ ዘር በገለባ ላይ የሚመረተውን ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ ይግዛ።

ከፍላጭ የለቀመውን የበላ ሰው ካለ ሕመም አይጠበቅም፤ ወተት አጠጥቶ ማየትም አይረባም። ከዚያው ወጥ የቀመሱት ሁሉ፣ ደህና ነኝ የሚለውም ጭምር፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የተረፈው እንጉዳይ፣ ጥሬውም ቢሆን፣ በወረቀት ተጠቅልሎ አብሮ ይወሰድ።

በእጅ መንካቱ አይመርዝም። ነቅለን ብንጥለው ግን ድሩ በፍላጩ ውስጥ ስለሚቀር ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ያገኘውን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ባለበት ግቢ፣ ክረምቱ ሳይገባ ፍላጩን ጠርጎ ከመጫወቻው ማራቅ ይሻላል።