ዋግና አረማሞ

ክረምት ሲገባ ከዛፍ ሥር የጅብ ጥላ ይበቅላል። የቆየ እንጀራ ሻጋታ ያወጣል። ሊጡን የሚያቦካው እርሾም አለ። እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ በአንድ ስም ፈንገስ ይባላሉ። ፈንገስ እንደ ተክል አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። ከሌላው ይወስዳል። የሞተ እንጨት የሚበላው አፈር ያዳብራል። በቁሙ ያለውን ሰብል የሚበላው ግን የገበሬው ጠላት ነው።

ቀራንዮ ዛሬ የአዲስ አበባ አካል ሆኗል፤ ቤት በዝቶበታል። ከዚያ በሆለታ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ግን ስንዴውና ገብሱ ይመጣል። ስንዴና ገብስ ባለበት አገር ዋግና አረማሞ አይጠፉም። ምልክታቸውን እናንተ ከእኛ ከተማሪዎቹ ይልቅ ታውቃላችሁ። እኛ የምንጽፈው ስለ መምጫቸው ነው። ዋግ በነፋስ ይመጣል፤ አረማሞ በዘር። ይህን ካልለዩ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ዋግ የያዘው ስንዴ በጣት ሲነካ ቢጫ ወይም የሸክላ መልክ ያለው ብናኝ ይይዛል። ያ ብናኝ የፈንገሱ ዘር ነው። ከአንዲት ነጥብ በሺህ የሚቆጠር ይወጣል። ነፋስ ያነሣዋል፤ ጤዛ ያለበት ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል። አጥር አይከለክለውም፤ ባሕርም ቢሆን። በ1991 ዓ.ም. በኡጋንዳ የታወቀ አንድ የግንድ ዋግ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ቆይቶም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ታየ። እንግዲህ ዘር በማጠብ ዋግን መከላከል አይቻልም። ዋናው መላ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ መዝራት ነው።

እሱም ቢሆን ለዘለዓለም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ቢጫ ዋግ ቁብሳና ጋላማ የሚባሉትን የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎዳ። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ በብዙ ማሳ ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. መኸር ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አወደመው። እንዴ! ዘሩ ተበላሸ? የለም፤ የመጣው ፈንገስ ሌላ ነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ አንድ ዝርያ ብቻ ባይዘራ ይሻላል። ማሳን እየዞሩ ማየት፣ ነጥብ ሲታይም ሳይውል ሳያድር ለልማት ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል። የሚረጨው መድኃኒት የሚረዳው በሽታው ሳይስፋፋ ነው።

የአረማሞ ነገር ሌላ ነው። በገብሱ ዛላ ላይ በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ይሞላል። አንደኛው ዓይነት ዱቄቱ በስስ ቆዳ ተሸፍኖ እስከ አውድማ ይቆያል። ሲወቃ ይፈነዳና በደህናው ፍሬ ላይ ይለጠፋል። በዓመቱ ያ ፍሬ ሲዘራ ፈንገሱ አብሮ ይበቅላል፤ ውስጥ ለውስጥ አድጎ ዛላው ላይ ይወጣል። ገበሬው በሽታውን በገዛ እጁ ዘራው ማለት ነው። የታመመውን ዛላ ከአጨዳ በፊት ነቅሎ ማቃጠል፣ ለዘር የሚሆነውን ከንጹሕ ማሳ መምረጥ፣ ዘሩን በመድኃኒት ማሸት ይበጃል። በማሽላ አገር ዘሩን በከብት ሽንት ነክረው የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ፤ ተመራማሪዎችም ሞክረው አረማሞን እንደሚቀንስ አይተዋል። በዚህ የሚስቅ ከተሜ አይጠፋም፤ እኛ አንስቅም።

መድኃኒት የታሸ ዘር ግን መርዝ ነው። ቢተርፍ አይበላም፤ ለዶሮም አይሰጥም።