ደረቅ ባትሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት

መብራት ሲጠፋ ከጠረጴዛዎ ሥር ያለው ዩፒኤስ ጢጥ ጢጥ እያለ ሥራዎን ያተርፍልዎታል። ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት ደረቅ ባትሪ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ቢመስልም ከውስጥ እያደገ ነው። ሠሪው ይህን ስለሚያውቅ የሚያድግበትን ቦታ አስቀድሞ ትቶለታል።

ባትሪው ስድስት ሴሎች አሉት። በየሴሉ የእርሳስ ፕሌቶች ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው አሲድ የጠጣ የመስታወት ጥጥ አለ። የፖዘቲቩ ፕሌት መሠረት የእርሳስ መረብ ነው። ቻርጅ ላይ በቆየ ቁጥር መረቡ ከላይ ከላይ እየተበላ ወደ እርሳስ ኦክሳይድ ይለወጣል። ኦክሳይዱ ደግሞ ከተገኘበት እርሳስ ከ30 በመቶ በላይ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መረቡን እየወጠረ ያረዝመዋል።

ዛሬ ማታ ይሞክሩት። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ይውሰዱና አንዱን እስከ አፉ፣ ሌላውን እስከ ሲሶ ደረቅ ሽምብራ ይሙሉ። ውሃ ጨምረው ሳይከድኑ ያሳድሩት። ጠዋት የሞላው በአፉ እየተገፋ ሲወጣ፣ ሲሶው ግን እዚያው እንዳለ አብጦ ያገኙታል።

ፕሌቱም እንደዚሁ ቦታ ይፈልጋል። ለቴሌ ጣቢያ በሚሠሩ ትልልቅ ባትሪዎች ከፕሌቱ ጫፍ ባሻገር ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ፕሌቱ ሲረዝም ሽቦ የሚታሰርበትን ምሰሶ ሽቅብ ገፍቶ ክዳኑን እንዳይሰነጥቅ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው አቅጣጫ ነው። በውፍረት በኩል ክፍተት አይፈቀድም! ጥጡ ፕሌቱን ጥብቅ አድርጎ ካልያዘው፣ መረቡ ላይ የተለጠፈው፣ ኃይል የሚያከማቸው ሊጥ ላልቶ ይረግፋል። አንዱ ሳጥን በቁመት ላላ፣ በውፍረት ጠበቅ ማለት አለበት።

ለዚሁ እድገት መላ ሲፈልግ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እንደ ፈረንጆች) የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ለስልክ ማዕከላት ክብ ፕሌት ያለው ባትሪ አወጣ። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ነበር፤ ክብ ፕሌት ግን ሲያድግ በሁሉም በኩል እኩል ስለሚሰፋ ሊጡን አይለቅም።

አሁን ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅለው፣ ባትሪውን በባለሙያ አስወጥተው ጎኑ ላይ ማስመሪያ ያጋድሙ። መሃሉ ጎልቶ ካበጠ ይህ የታሰበለት እድገት አይደለም፤ ሙቀት ፕላስቲኩን አለስልሶ ጋዙ ገፍቶታል። አይክፈቱት፣ ይቀይሩት። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አዲሱን ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት።